ሐሙስ ሐሙስ የምትታመም መኪና

እኔ ሰናይት እባላለሁ። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከባሌ ከደረጀና ከሰባት ዓመቷ ልጃችን ከሲፈን ጋር ቡራዩ ውስጥ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ቡራዩ ያመጣን የቤት ኪራይ ነው። የምሠራው ወተት በሚያቀነባብር አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ ገበሬዎች ወተታቸውን ወደሚያስረክቡባቸው ጣቢያዎች እየዞርኩ ውሃ እንዳልገባበትና እንዳልተበላሸ እመረምራለሁ። ሰኞ ሰበታ፣ ማክሰኞ እዚያው ቡራዩ፣ ረቡዕ ሱሉልታ። የምነዳው አሮጌዋን ነጭ የቤታችንን መኪና ነበር።

ስለ ደረጀ ትንሽ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። የግንባታ ተቆጣጣሪ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ደክሞኝ ስገባ ሳልጠይቀው ሳህን የሚያጥብ፣ የልጁን ፀጉር ራሱ አበጥሮ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው። ኦሮምኛ ያስተማረኝም እሱ ነው። ስንተዋወቅ ወላጆቹ የወሊሶ አካባቢ ሰዎች እንደነበሩ፣ ሁለቱም እንደሞቱበት፣ ወንድምም እህትም እንደሌለው ነገረኝ። በሠርጋችን ዕለት በወላጆቹ ቦታ የተቀመጡት የአንድ ባልደረባው አባትና እናት ናቸው።

ከእናቱ የቀረው አንዲት ትንሽ ፎቶ ብቻ ነበረች። ፎቶዋን በትልቁ አሳጥቤ ሳሎን የሰቀልኳት እኔ ነኝ። ፈገግ ልትል ስትል የተነሳች፣ ግራ ቅንድቧ መሀል ለመሀል በጠባሳ የተከፈለ ሴት። ስሟን ስጠይቀው የክርስትና ስሟን ብቻ ነገረኝ፤ ወለተ ማርያም። "ለጸሎት የሚያስፈልገው እሱ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሙት ዓመቷን እዘክራለሁ። ጠላ እጠምቃለሁ፣ ዳቦ እደፋለሁ፣ ነዳያን አበላለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አደረግሁ። ደረጀ ያን ቀን እህል አይቀምስም ነበር። ሐዘኑ ነው እል ነበር።

ባለፈው ኅዳር ድርጅታችን ከሱሉልታ ወዲያ ጫንጮ ላይ አዲስ ጣቢያ ከፈተና ሐሙስ ሐሙስ እንድሄድ ታዘዝኩ። ማታ እራት ላይ የአርባ ገበሬዎች ስም ዝርዝር ይዤ ለደረጀ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ የማላውቃቸውን ስሞች አጠራር እንዲያርመኝ ነበር። መሀል ላይ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሳ። ሲመለስ፣

"ያ መንገድ አሁን ጥሩ አይደለም። ለሌላ ሰው ስጡት በያቸው" አለኝ።

በዚያ ሰሞን መንገድ የማይፈራ ሰው ስላልነበረ ለእኔ ብሎ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ጧት፣ "ሞተሩን ላሙቅልሽ" ብሎ ቀድሞኝ ወጣ። እንዲህ ያለው ደግነት የተለመደ ስለነበር አልገረመኝም። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና "ሰኒ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል። ዛሬ አትሄጂም" አለ። ወጥቼ ሳይ መኪናዋ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ሚኒሞዋ፣ ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተሩ ዙር፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ይቃጣል።

ኦቦ ፈይሳ ጋ ደውዬ፣ እየተንቀጠቀጠች ወሰድኳት። ኦቦ ፈይሳ ስድሳ ያለፋቸው መካኒክ ናቸው። ቡራዩ እርሻ በነበረችበት ዘመን የተወለዱ፣ ጋራዣቸው ያለው በአባታቸው ይዞታ ላይ ነው። ትንሿን የኮድ ማንበቢያ ከመሪው በታች ሰክተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

"ፒ ዜሮ አንድ ሰባት አንድ" አሉ። "ሞተሩ አየር በዝቶበታል፣ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"ሞተር ሲሠራ አየር ይስባል። ያ መሳብ ቫኪዩም ይባላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በዋናው በር የገባውን አየር ብቻ ነው። አንዱ ቱቦ ከተቀደደ ወይም ከወለቀ ሳይቆጠር የሚገባ አየር አለ። ያኔ ሒሳቡ ይፋለስና መብራት ያበራል።"

ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ አሉ። አየር ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ማኒፎልድ ጀርባ፣ የእርሳስ ውፍረት ያላት ጎማ ቱቦ ከቦታዋ ወልቃ ተንጠልጥላለች። መልሰው ሲሰኳት ሞተሩ ወዲያው ረጋ። ኮዱን አጥፍተው አሰናበቱኝ። ግን ረፍዶ ነበርና ጫንጮ አልሄድኩም።

ከዚያ ሰኞ ሰበታ ደረስኩ፤ ምንም የለም። ረቡዕ ሱሉልታ ወጥቼ ወረድኩ፤ መኪናዋ እንደ አዲስ። ሐሙስ ሲነጋ ግን መብራቱ በራ፤ ያው ኮድ፣ ያቺው ቱቦ። ኦቦ ፈይሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲስ ቱቦ ቆርጠው አስገቡና በብረት ማሰሪያ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። "አሁንስ ብትጎትቺውም አይወጣ" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ደረጀ ሳህን እያጠበ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

"ይሄን ሰውዬ ታምኚዋለሽ?" አለኝ።

"ኦቦ ፈይሳን? ለምን አላምናቸውም?"

"እኔ እንጃ። አንድ ቱቦ በሁለት ሳምንት ሁለቴ ይወልቃል እንዴ? ደንበኛ እንዳይርቀው ብሎ ላላ አድርጎ ቢተወውስ?"

አላመንኩትም ማለት እፈልግ ነበር። ግን ቃሉ ውስጤ ገባና አደረ።

ሦስተኛው ሐሙስ መጣ። አለቃዬ ዛሬም ከቀረሁ ጣቢያውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነግሮኛል። ደረጀ እንደልማዱ ሞተር ሊያሞቅ ወጣና ተመለሰ። "ያው ነው" አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። "አትሂጂ በቃ።"

"እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን እሄዳለሁ" አልኩት።

"ሰናይት!"

በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነው። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ። በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ በመስታወት ይታየኛል። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ለምን እንደፈራ አልገባኝም።

ከሰፈራችን ወደ ዋናው አስፋልት የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። የመጀመሪያውን ኩርባ ስይዝ ፍሬን ረገጥኩ፤ ያዘ። ሁለተኛውን ስረግጥ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ድንጋይ ሆነ። አይሰምጥም። በሙሉ ክብደቴ ብቆምበትም መኪናዋ ትወርዳለች። ከታች፣ አስፋልቱ ዳር፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ታክሲ ይጠብቃሉ። ጡሩንባ ነፋሁ፤ አንዳንዶቹ ዞረው አዩኝ፣ የተንቀሳቀሰ ግን የለም። በስተቀኝ ቤት ለሚሠራ ሰው የተደፋ የአሸዋ ክምር አየሁና "እመብርሃን!" ብዬ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዝኩት።

መኪናዋ እስከ ፊት ጎማዋ አሸዋ ውስጥ ገብታ ቆመች። ቀበቶው የያዘው ደረቴን ቢያመኝም በሕይወት ነበርኩ። ደረጀ ጋ ደወልኩ።

"ደረጀ፣ ፍሬን እምቢ አለኝ። አሸዋ ላይ ወጣሁ።"

"ጫንጮ አትሄጂም አይደል?" አለኝ።

ከዚያ ነው "ተጎድተሻል እንዴ?" ያለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ሰዎች ገፍተው ከአሸዋው አወጡኝ፤ ኦቦ ፈይሳም ደውዬላቸው በእግራቸው መጡ። ሳያቸው ያ ያደረብኝ ቃል አመለጠኝ።

"ኦቦ ፈይሳ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህንን ቱቦ የሚያላሉት እርስዎ ነዎት?"

ኮፈኑን ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እጄን ይዘው ጎትተው አሳዩኝ። እሳቸው ያሰሯት ቀጭን ቱቦ እንደታሰረች ናት። አጠገቧ ያለው፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሌላ ቱቦ ነው የወለቀው። ማሰሪያው ተጣሞ፣ ብረቱ ላይ ሁለት አዲስ ጥርስ ተቀርጾበታል።

"ይሄ የፒንሳ ንክሻ ነው" አሉ። "ቀጭኗን ሰው ሊፈታ ሞክሮ አቃተው። ስለዚህ ወፍራሙን ነቀለ። ወፍራሙ ደግሞ የፍሬን ማገዣው ቱቦ ነው። ያለ እሱ ፍሬን ድንጋይ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ወይ ሊገድልሽ ፈልጓል፣ ወይ ምን እንደነቀለ አላወቀም።"

የተጣመመውን ማሰሪያ በጣቴ ነካሁት።

"አሁን እኔ ልጠይቅሽ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ቢኖርም ቁጣ አልነበረም። "ሦስት ጊዜ ፈልገሽኛል። በምን በምን ቀን?"

ስልኬን ከፍቼ የደወልኩላቸውን አየሁ። ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ።

"ሐሙስ የት ነው የምትሄጂው?"

"ጫንጮ።"

"ሰበታ ስትሄጂ ታማብሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ሱሉልታስ?"

"ኧረ በፍጹም።"

"መኪና መንገድ አይመርጥም፣ ልጄ። መንገድ የሚመርጥ ሰው ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ማን አለ?"

ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ሌላ ማንም የለም። በሩም ሌሊት ከውስጥ ይቆለፋል። ኦቦ ፈይሳ መልሱን ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ወደ ሞተሩ ዞሩ። ቱቦውን ገጥመው፣ በአዲስ ማሰሪያ አስረው፣ ራሳቸው ዳገት ቁልቁለቱን ነድተው ፍሬኑን ሞከሩልኝ። "ደህና ናት" አሉኝ። "አንቺ ግን ዛሬ ባትነጂ ይሻል ነበር።"

ነዳሁ። በአዲስ አበባ በኩል ዞሬ እንጦጦን ወጥቼ ወደ ሱሉልታ ስወርድ በየኩርባው ፍሬን እነካ ነበር። ደረጀ ጫንጮ ላይ ሌላ ሴት አለችው ብዬ ነበር የማስበው። ምን ዓይነት ሴት ትሆን? ልጅ ወልዳለት ይሆን? ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ነው? ስደርስ የምላትን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ጫንጮ የደረስኩት ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ገበሬዎቹ አርፍጄባቸውም ሳይሄዱ ቆይተዋል። በየተራ ወተት እየቀዳሁ መለካት ጀመርኩ። ወጣት ሴት በቀረበች ቁጥር ፊቷን አጠናለሁ። አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ የአሮጊት እጅ ቢጫ ጄሪካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"አካም ጂርቱ፣ አዴ?" አልኩ ቀና ሳልል፤ እንዴት ነዎት እናቴ ማለቴ ነው።

"ፈያ፣ ፈያ። ነጋ?" አለኝ የአሮጊት ድምፅ።

ቀና አልኩ።

ግራ ቅንድቧ መሀል ለመሀል በጠባሳ ተከፍሏል።

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ግድግዳዬ ላይ ያለችው ሴት፣ ጥቅምት ላይ የዘከርኳት ሴት፣ ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ ወተት ይዛ ተሰልፋ ቆማለች። አርጅታለች፣ አገጯ ሾሏል፤ ልትስቅ ስትል የምትሆነው ግን ያው ነው። እህቷ ትሆናለች አልኩ ለራሴ። ሰው ከሰው ይመሳሰላል አልኩ።

"ስምዎን ይንገሩኝ፣ አዴ።"

"ጫልቱ በዳዳ።" ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችኝና በአማርኛ ቀጠለች። "አፍሽ የእኛ ሰፈር አፍ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ትመስይኛለሽ፤ ማን አስተማረሽ?"

"ባለቤቴ ነው" አልኩ። "ልጆች አሉዎት?"

"አንድ ወንድ አለኝ። ደረጀ ጉተማ ይባላል። አዲስ አበባ ቤት ያሠራል፤ ትልቅ ሰው ነው" አለች፣ በኩራት።

"ይመጣል? ያዩታል?"

"በዓመት ሁለቴ አይቀርም። ስኳር ይዞልኝ ይመጣል፤ ሳያድር ይሄዳል። ብቻ አላገባም። 'እማ፣ ጊዜ የለኝም' ይለኛል። አርባ ሊሞላው ነው እኮ! የልጅ ልጅ ሳልስም ልሞት ነው እያልኩ ማርያምን ስለምናት እኖራለሁ።"

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኬን በፊቱ ደፋሁት። ስክሪኑ ላይ የነበረችው ሲፈን ናት።

ወተቷን ለካሁ። ንጹሕ ነበር። ሊትሩን ጻፍኩላት፣ መረቀችኝ፣ ሄደች። ቀጣዩን ገበሬ ጠራሁ። እንዴት እንደጨረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ተመልሼ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ መቀመጤን ነው። ሌላ ሚስት ብትሆን ኖሮ ስሟን እየጠራሁ እረግማት ነበር። እናት እንዴት ትረገማለች? ለእኔ ሲል እናቱን ገድሏል። ለእናቱ ሲል ደግሞ እኔና ልጄ እንዳልተፈጠርን አድርጎናል።

ቡራዩ ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ደረጀ ሲፈንን ጎረቤት ትቷት ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

"እናትህ ደህና ናት" አልኩት ገና ከበሩ።

ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ወተቷ ንጹሕ ነው። የልጅ ልጅ ሳልስም ልሞት ነው ብላለች።"

"ሰኒ፣ ላስረዳሽ..."

"አስረዳኝ።"

ተናገረ። ወጣት ሳለ እናቱ የጎረቤት ልጅ አጭታለት፣ ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠፍቶ አዲስ አበባ እንደገባ፤ እናቱም ለእኔ ሞተሃል እንዳለችው። ከእኔ ጋር ሲተዋወቅ ተኮራርፈው ስለነበር "ሞታለች" ማለት እንደቀለለው፣ ወሊሶ ያለውም ቤተሰቡን እንዳልፈልግ ብሎ እንደሆነ። በኋላ ሲታረቁ ደግሞ ማንንም አላገባሁም ብሎ ምሎላት እንደነበር፤ እኔንም እሷንም አንድ ቀን እነግራለሁ እያለ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈ።

"እሺ፣ ተኮራርፋችሁ ነበር። ስትታረቁስ? ዳቦ ስደፋ እያየኸኝ ዝም ያልከው?"

ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ምክንያት የወጣው። "አባትሽ ቤት ስመጣ... ያ ሁሉ የተማረ ሰው... እሷ ማንበብ አትችልም፣ ሰኒ። አፈርኩ።"

"በእሷ?"

አዎ ሲል ራሱን ነቀነቀ።

"ፍሬኑንስ?"

"አላወቅሁም! በልጄ ይሁንብኝ፣ የፍሬን መሆኑን አላወቅሁም። መኪናዋ እንዳትሄድ ብቻ ነበር..." አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አምኜዋለሁ። ዛሬም አምነዋለሁ፤ ሊገድለኝ አልፈለገም። ግን ሞተር ላሙቅልሽ እያለ በየሐሙሱ ቀድሞኝ ሲነሳ ኪሱ ውስጥ ፒንሳ ነበር። ጥፋቱንም በማይመለከታቸው ሽማግሌ ላይ ሲለጥፍ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። በዚያው ሳምንት ልብሱን ይዞ ፉሪ ወዳለ ጓደኛው ቤት ሄደ።

አርብ ጧት ኦቦ ፈይሳ ዘንድ ሄጄ ስለጠረጠርኳቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። "ሰው ሲጎዳ ያገኘውን ይመታል" ብለው በዚያው ዘጉት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሲፈንን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ጫንጮ ይዣት ሄድኩ። ወረፋው እስኪያልቅ ጠብቄ አዴ ጫልቱን ወደ ጥላው ወሰድኳትና "ይህች የደረጀ ልጅ ናት፤ እኔም ሚስቱ ነኝ" አልኳት። ሌላ አነጋገር አላገኘሁም። ጄሪካኗ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷን ብዙ አየቻት።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሰባት።"

ጣቶቿን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። "አሥራ አራት ጊዜ" አለች በመጨረሻ። "ይህቺ ከተወለደች አሥራ አራት ጊዜ ቤቴ ገብቶ ወጥቷል።" ከዚያ ሲፈንን ወደ ጉያዋ ሳበቻት።

የሙት ዓመቱን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "ታዲያ እስካሁን የቆየሁት ባንቺ ጸሎት ይሆናላ!" አለች።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ሆይ፣ አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ደግነት እፈራለሁ። ሰው ቡና ሲጋብዘኝ፣ ዕቃ ሲይዝልኝ፣ ምን ሊደብቅ ነው እላለሁ። ይህ በሽታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰጠኝ ሰው ግን ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ እጠላው ነበር። ከእናንተ መካከል ነገ እነግራለሁ ብላችሁ ያሳደራችኋት ትንሽ ውሸት ካለች፣ ዛሬ አውጧት። ስታድር ማደጓ አይቀርም፤ የምታድገውም የምትወዱትን ሰው እየበላች ነው።

ደረጀ ሽማግሌ ልኳል፤ ሁለት ጊዜ። የእኔ ዘመዶች "ሴት አላስቀመጠብሽ፣ አልመታሽ፤ ምን አጠፋ?" ይሉኛል። ወላጆቼም አሁን አዴ ጫልቱን ያውቋታል፤ አባቴ ሲያገኛት ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ነሳት። ደረጀ ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው አላውቅም።

ባለፈው ወር አዴ ጫልቱን ጠየቅኋት። እሷ እሱን ይቅር ብላዋለች፤ ሲመጣ እግሯ ላይ ወድቆ አልቅሶ፣ አንስታ ስማዋለች።

"እኔስ ምን ላድርግ፣ አዴ?"

ሲፈን ከጥጆቹ ጋር ስትሯሯጥ ታይ ነበር።

"እኔ ወልጄዋለሁ፣ መመለሻ የለኝም" አለችኝ። "አንቺ ግን አምነሽው ነው የመጣሽው። ይቅር ብትይው ልጄ ነሽ፤ ባትይውም ልጄ ነሽ።"